ከጣና ዳር እስከ ጨጨሆ



ለዚህ ጉዞ ሰበብ የሆነችን ሜልቦርን የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። በ2007 ዓ.ም መግቢያ ላይ ለልጆቼ ብላ አንድ ፖስታ ሙሉ ፎቶግራፍ ላከችልን። ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር በአውስትራሊያ ደቡባዊ ዳርቻ፣ «ግሬት ኦሽን ሮድ» በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ሲጓዙ የተነሱት ነው። መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ገደሉን በዶማና በአካፋ እየፈለፈሉ የሠሩት ነው ይባላል። በአንድ ወገን ውቅያኖሱ፣ በሌላው ወገን ጫካው። ከፎቶዎቹ በአንዱ የእህቴ ልጆች አንገታቸውን ሽቅብ አቅንተው ዛፍ ላይ የተኛ ኮዋላ ይመለከታሉ።

ትልቋ ልጄ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ፎቶውን ብዙ ካየች በኋላ «አባዬ፣ ይኼ ዛፍ ባሕር ዛፍ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን እንደገባ ነገርኳት። «ታዲያ ኮዋላውን ለምን አላመጡትም?» መልስ አልነበረኝም። ዛፉ መጣ፣ በላተኛው እዚያው ቀረ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን ከዚህ የባሰ ነበር፦ «እኛ አገርስ በመኪና እየሄዱ እንስሳ የሚያዩበት መንገድ የለም?»

የለም ልላት አፌን ስከፍት እናቴ ትዝ አለችኝ፤ አላህ ይዘንላትና። እናቴ የላይ ጋይንት ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ከጉና ተራራ ግርጌ በግ ስትጠብቅ ያየችውን ቀይ ቀበሮ ማታ ማታ እየደጋገመች ታወራልን ነበር። እግሩ ቀጭን፣ ጀርባው የሸክላ አፈር የመሰለ፣ ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው ትለን ነበር። አይጥ ከጉድጓዷ እስክትወጣ ቆሞ ሲጠብቅ ጆሮው ብቻ እንደሚንቀሳቀስም በእጇ ታሳየናለች። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ካደግሁ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ተራራ ሥር ስመላለስ፣ አንድም ቀን ከመኪና ወርጄ ቀና ብዬ አላየሁም። የአውቶቡሱን መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ። የብዙዎቻችን ጉዞ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በጥር ወር የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲደርስ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ከባሕር ዳር ተነሥተን ነፋስ መውጫ የሚኖሩትን አክስቴን ልንዘይር ተነሣን። የምንሄደው በታላቅ ወንድሜ ዶልፊን ነው። ወንድሜ ሹፌር ነው፤ ሹፌር ደግሞ መንገድን የሚወደው ሲያልቅለት ነው። ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ውል አስገባነው፦ ከልጆቹ አንዱ «ቁም!» ካለ መኪናው ይቆማል። «በዚህ አያያዝ ለረመዷን ደርሰን ባፈጠርን!» አለና ተስማማ። ልጄ የሚታየውን ሁሉ የምትመዘግብበት ደብተር ገዛች። የመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ገና ሳንነሣ፣ «ቀይ ቀበሮ» ብላ ጻፈችና ከጎኑ ለቀኑና ለቦታው ክፍት አድርጋ ተወችው።

ሱብሒ ሰግደን ወጣን። የመጀመሪያውን እንስሳ ለማየት አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ድልድይ አጠገብ ቆመን ጎህ ሲቀድ ስንመለከት፣ ውሃው ላይ እንደ ጥቁር ድንጋይ ብቅ ያለ ነገር ጆሮውን አርገበገበ። ጉማሬ ነው። ትንሹ ልጄ «ራሱ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ቀሪው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን አካል ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ ሌሊት ሌሊትም ወደ ዳር ወጥቶ አርባ ኪሎ ያህል ሣር ግጦ እንደሚመለስ ብነግረው አላመነኝም። እዚያ ከተማ ተወልዶ፣ እዚያ አድጎ፣ ጉማሬ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሐሙሲትን አልፈን የጉማራን ድልድይ ስንሻገር የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። ይህን ሜዳ ሁላችንም የምናውቀው በሩዙና ወተት በሚያዘንቡት ከብቶቹ ነው። በጥር ወር ግን ሌሎች እንግዶችም አሉት። ሩዙ ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ ሽመላ የሚመስሉ፣ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች በሺህ ሆነው ቆመው አገኘናቸው። ፈረንጆች ክሬን የሚሏቸው ናቸው። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው አህጉርና በረሃ አቋርጠው ይመጡና ክረምታቸውን ጣና ዳር ያሳልፋሉ። የወደቀ ሩዝና ጥራጥሬ ሲለቅሙ ይውሉና ሲመሽ ወደ ሐይቁ ዳር ይመለሳሉ። «ቁም!» ተባለ፣ ቆምን። ሲነሡ የክንፋቸው ድምፅ እንደ በረዶ ዝናብ ነው። አንድ ሩዝ የሚወቃ ገበሬ እኛ እነሱን ስንመለከት እሱ እኛን እየተመለከተ ሳቀ። ለእሱ የዘወትር ጎረቤቶቹ ናቸውና ምን ይገርመዋል?

ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ከዚህ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ በሰዉ ዘንድ ስሙ «የቻይና መንገድ» ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ቻይናውያን ስለሠሩት። ዓለም በር ላይ ሻይ ጠጥተን ዳገቱን ጀመርን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል ነው፤ ደብረ ታቦር 2 ሺህ 700፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3 ሺህ በላይ። ስለዚህ በግማሽ ቀን ውስጥ ሰው ከሙቀት ወደ ውርጭ ይወጣል። የትንሹ ልጄ ጆሮ ተደፍኖበት «አልሰማም!» እያለ ይጮህ ነበር። ዓለም ሳጋ ጫካ ስንደርስ ጥድና ወይራው መሐል ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ታዩ፤ ልጄ መዘገበች።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም። በደብረ ታቦር ዙሪያ ኮረብታው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው። ቤት ይሠራበታል፣ ይነደዳል፣ ይሸጣል፤ የገበሬው ባንክ ነውና ማንም ክፉ ሊናገረው አይችልም። ግን ልጄ በመስኮት እያየች «እዚህ ውስጥ ማንም አይኖርም» አለች። የሚኖሩ አንዳንድ ወፎች መኖራቸው አይቀርም፤ ያም ሆኖ እውነቷን ነው፤ አንድም «ቁም!» ሳይባል ከተማይቱን አቋርጠን ወጣን። ለወንድሜ ደስታ ሆነለት።

ጋሳይንና ክምር ድንጋይን ካለፍን በኋላ ጉና በስተቀኛችን ሙሉ በሙሉ ታየ። ጉና እንደ ስሜን ተራሮች ሾጣጣና አስፈሪ አይደለም። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ከመንገድ ሲያዩት የማይከብድ የሚመስል ተራራ ነው። ቁመቱ ግን ከ4 ሺህ 100 ሜትር ይበልጣል። መኪናዋን አንድ መንደር አጠገብ አቆምንና በበረዶ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ውዱእ አድርገን፣ ዙህርና ዐስርን እንደ ሙሳፊር አጣምረንና አሳጥረን ሰገድን። ወንድሜ መኪናዋን ሊጠብቅ ቀረ፤ እኛ በእግራችን ወጣን።

የገብሱ ማሳ አላልቅ አለን። አንድ ሰዓት ያህል ወጥተን አሁንም ገብስ፣ አሁንም የድንች መደብ ነው። አፈሩ ከመታረሱ ብዛት ድንጋዩ ወጥቷል። በሰሜኑ ደጋ እርሻ እስከ 3 ሺህ 800 ሜትር ድረስ እንደወጣ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ጉና ላይ በዓይናችን አየነው። ከዚያ በላይ ነው አስታውና ጓሳው የሚጀምረው፤ ጅብራውም እዚያ ነው። ልጆቼ ጅብራ አይተው አያውቁም ነበር። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተሰብስቦ በግንድ ላይ የቆመ፣ ለዓመታት ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ የሚሞት ተክል ነው። ትንሹ ልጄ አጠገቡ ቆሞ ቁመቱን ተለካካ። አሥር ጊዜ ይበልጠው ነበር ብል ያጋነንሁ ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ ግን አያንስም።

እዚያ በደበሎ የተጀቦኑ አንድ እረኛ አዛውንት አገኘን። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «በዚህ ብርድ ሕፃናት ይዛችሁ ምን ፍለጋ መጣችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቀይ ቀበሮ ልናይ ነው፣ አባቴ።»

ሳቅ አሉ። «ጉድ እኮ ነው! እኔ በልጅነቴ ከግልገል እንዳይጠጋ በድንጋይ ሳባርረው ኖሬ፣ ዛሬ ሰው ከባሕር ዳር ድረስ ሊያየው ይመጣል?»

«አለ ወይ?» ብላ ልጄ አቋረጠቻቸው። አዛውንቱ ዝም ብለው ወደ ላይ ተመለከቱ። «ዓመቱን አልቆጠርሁትም እንጂ ያየሁት ይቺ ልጅ ሳትወለድ ነው» አሉኝ።

«የት ሄደ?» አለ ትንሹ።

«ጓሳው ወደሄደበት ነዋ፣ ልጄ።»

ከዚያም ራሳቸው ወደሚያርሱት ማሳ በበትራቸው ጠቆሙን። በአባታቸው ዘመን ጓሳ ነበር፤ ቤት የሚከደንበት ሣር የሚታጨድበት። አሁን ገብስ ነው። «አምስት ልጆች አሉኝ፤ መሬቱ ግን አንድ ነው። ወዴት ልውጣ? ወደ ሰማይ?» አሉ። ምን ይባላሉ? እኔ በከተማ ተቀምጬ የገብስ በሶ የምጠጣ ሰው ነኝ፤ በሶው የሚመጣው ከዚያው ነው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የለም። በጠቅላላ ያሉት ጎልማሶች 500 ቢሆኑ ነው፤ ከነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራሉ። ቀሪዎቹ እዚህም እዚያም፣ በስሜን፣ በወሎ፣ በመንዝና በአርሲ ከፍታዎች ላይ ጥቂት ጥቂት ሆነው የቀሩ ናቸው። በ1990ዎቹ የተጻፉ ጥናቶች ጉናንም ከእነዚህ ጋር ይቆጥሩት ነበር፤ ግን እዚያ ያሉት እጅግ ጥቂት መሆናቸውን ሳይጠቅሱ አላለፉም። ችግሩ ማረሻው ብቻ አይደለም። ከመንደር የሚወጡ ውሾች የእብደት በሽታና ሌሎች ደዌዎች ይዘውበት ይሄዳሉ፤ ባሌ ላይ በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ ብዙ አልቀዋል። ጥቂት ቀበሮ በቀረበት ተራራ ላይ ደግሞ አንድ የታመመ ውሻ ይበቃል።

ሁለት ሰዓት ያህል ዞርን። ሽኮኮዎች ከአለት ሥር ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አየን። ጭልፊት አየን፤ ራሱ ላይ ነጭ ጥፍጥፍ ያለበት ትልቁን የአገራችንን ቁራም አየን። ከሁሉም የበለጠው ግን ጺማሙ አሞራ ነበር። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል አያንስም፤ አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ለቅቆ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ወርዶ መቅኑን ይበላል። ሦስት ጊዜ ሲጥለው ቆመን ተመለከትን። ልጄ ይህን ሁሉ በሚንቀጠቀጥ እጇ ጻፈች። ቀይ ቀበሮውን ግን አላየንም። ስንወርድ አላለቀሰችም፤ ዝም አለች፤ እኔን የከበደኝ ይኸው ዝምታዋ ነበር። የእናቴን ወሬ እያሞቅሁ የነገርኳት እኔ ነኝና።

ስንወርድ አዛውንቱ ሸኙን። ከተራራው ጎን የሚወርዱትን ቀጫጭን ጅረቶች እያሳዩ «ይኼ ርብ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ጉማራ» አሉን። ጠዋት የተሻገርነው ጉማራ! የፎገራ ሩዝ የሚጠጣው፣ ጣና የሚገባው ውሃ ከዚሁ ጓሳ ሥር ነው የሚነሣው። ጓሳው ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የተራቆተው ማሳ ግን አፈሩን ጭምር ይዞ ይወርዳል፤ ጉማራ በክረምት የሚደፈርሰውም ለዚህ ነው። የጉና አናት ከዚያ ወዲህ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተከልሏል።

ነፋስ መውጫ ስንገባ መግሪብ ደርሶ ነበር። የከተማይቱ ስም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ከመኪና ስንወርድ ነፋሱ የባለቤቴን ሻሽ ሊነጥቃት ተናነቃት። አክስቴ ከደጅ ተቀብለውን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እየሳሙ «የእህቴ ዓይን! የእህቴ ግንባር!» ይሉ ጀመር። ከሰል ቀርቦ፣ ገብስ ቆሎና ቡና መጥቶ፣ ልጆቹ ባና ተደርቦላቸው ተቀመጡ። ልጄ ስለ ቀይ ቀበሮው ነገረቻቸው። አክስቴ «እናታችሁ ናት ያየችው፤ እኔ ፈሪ ስለነበርሁ ሁልጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሮጥ» አሉና ቤቱን በሳቅ ሞሉት። ከዚያ ግን «ነገ ጨጨሆ ውሰዷት፤ ጭላዳ ታይ» አሉ።

በነጋታው ሱብሒ እንደሰገድን ወጣን። ይህን ያህል ማልደን የወጣንበት ምክንያት አለው። ጭላዳ የሚያድረው በገደል ግድግዳ ላይ ነው፤ ነብርና ጅብ እንዳይደርሱበት። ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ብቅ ይላል። ረፍዶ የደረሰ ሰው ራቅ ብሎ ሲግጥ ያገኘዋል እንጂ ከገደሉ ሲወጣ አያይም። እናንተም ዕድሉ ቢገጥማችሁ ከፀሐይ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ደግሞም ዳቦም ሆነ ብስኩት አትስጧቸው። የሰው ምግብ የለመደ እንስሳ መጨረሻው ከገበሬው ጋር ጠብ ነው።

ጨጨሆ ላይ መንገዱ በገደል አፍ ይሄዳል። ቁልቁል ሲመለከቱ ሆድ ይባባል፤ ሸለቆው በሸለቆ ላይ ተደራርቦ፣ ጉሙ ከሥር እንደ ሐይቅ ተኝቶ ይታያል። የእህቴ ልጆች በውቅያኖስ ዳር የቆሙበት ፎቶ ትዝ አለኝ። እዚህ ዳርቻው የባሕር ሳይሆን የአየር ነው። ወደ ደቡብ ታች ጋይንትና ስማዳ እየዘቀዘቁ ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳሉ። ደጋው ላይ ውርጭ ሲመታን፣ እዚያ ቆላው ውስጥ ሰው በማሽላ ማሳው ላብ ይጠርጋል። ዝናብ ሲቀር ቀድሞ የሚራበውም ያ ቆላ ነው፤ የስማዳን ስም በድርቅ ዜና ያልሰማ የለምና።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚህ በኩል ነው። መድፉ ሰባት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ ሄዱ፤ በመኪና የአንድ ቀን የሚሆነውን ጉዞ ወራት ፈጀባቸው። ድንጋዩን የፈነቀለው፣ ገመዱን የጎተተው ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ «እኔ በጎማ ስወጣው ሞተሬ ይጋላል፤ እነሱ በገመድ!» አለና መሪውን ዳበስ አደረገ።

«ቁም!» ያሉት ሁለቱም ልጆች በአንድ ጊዜ ነበር።

ከገደሉ አፍ መጀመሪያ አንድ ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሕፃን በጀርባዋ ያዘለች እናት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ መቁጠር አቃተን። መኪናውን አጥፍተን መንገዱ ዳር ተቀመጥን። አውራው ሲመጣ ጋማው እንደ ንጉሥ ካባ በነፋሱ ይርገፈገፋል፤ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ምልክት አለው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች በቀር ሌላ አገር የለውም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ዋና ምግቡ ሣር የሆነ ሌላ እንስሳም የለም። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ ይበላል፤ ሲጨርስ ሳይነሣ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ትንሹ ልጄ ወዲያው አስመስሎ ተንፏቀቀና ሱሪውን አቆሸሸ።

ዝም ብሎ ላዳመጣቸው ሰው ድምፃቸው ይገርማል። ያጉተመትማሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ያኮርፋሉ። ባለቤቴ «ሴቶቹ ቡና የሚጠጡ ነው የሚመስሉት» አለች። ቀልድ መስሎን ነበር፤ ኋላ ላይ ግን በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የሚያሰሙት ድምፅ ምቱ የሰው ንግግር ምት እንደሚመስል መግለጹን አነበብሁ። አንድ አውራ ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር ቤተሰብ ሆኖ ይኖራል፤ ብዙ ቤተሰቦችም አብረው ይሰማራሉ። ሁለት ጎረምሶች አንዱን አውራ ሲተነኩሱት ሴቶቹ ተባብረው ሲጮሁባቸው አየን። ሸሹ።

ልጄን ግን ሌላ ነገር ያዛት። ጭላዶቹ በሚግጡበት ሜዳ ላይ የአይጥ ጉድጓድ አየች። «ቀይ ቀበሮ እዚህ ቢኖር ጭላዶቹን ይበላቸው ነበር?» አለችኝ። የዚያን ቀን አላወቅሁትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የመንዝ ጓሳ ጥናት ግን መልሱን ይዟል። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሐል ገብቶ በሰላም ያድናል፤ አይነካቸውም፣ አይሸሹትም። ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራው አንዱ ብቻ ሲሳካለት፣ ከጭላዳ ጋር ሲሆን ከመቶው 67ቱ ይሳካለታል። አይጦቹ ጭላዳ እንጂ ቀበሮ የመጣ አይመስላቸውም መሰለኝ። ይህን ያነበብሁላት ማታ ደብተሯን አውጥታ «አይበላቸውም» ብላ በህዳጉ ጻፈች።

ስንመለስ ደብረ ታቦር ላይ ወደ እስቴ የሚገነጠለውን መንገድ ወንድሜ አሳየን። በወጣትነቱ መካነ ኢየሱስ ገበያ ድረስ ነግዶበታል፤ አንድ ጊዜም ዓባይን ወደ ሞጣ ተሻግሯል። የተሻገረው በሰባራ ድልድይ ነው። ድልድዩ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ሲሆን በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈርሶ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያ ማዶ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። «ሥር ያለው ውሃ ውስጥ አዞ አለ ይሉኛል፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር አላየሁም» አለን። እንደ አክስቴ መሆኑ ነው! አንድ አሜሪካዊ በመጽሔት ላይ ሰው በገመድ ሲንጠለጠል የሚያሳይ ፎቶ አይቶ መጣና በ1994 ዓ.ም የፈረሰው ቦታ ተጠገነ፤ በ1997 ዓ.ም ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም ደግሞ ተንጠልጣይ የብረት ድልድይ ተሠራ። ልጆቹ እናያለን ብለው ለመኑ። ትምህርት ሊከፈት ነበርና «በሚቀጥለው፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው።

የሚቀጥለው እስከ ዛሬ አልመጣም። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ በጉና ዙሪያም ውጊያ ሆነ። በዚያች ከተማ ሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዘገባው መዝግቦታል፤ ልጆች በሚያነቡት ገጽ ላይ አልዘረዝረውም። ለብዙ ቀን ስልክ አልሠራም። አክስቴ በሕይወት መኖራቸውን የሰማነው ከሰው ሰው ተላልፎ በደረሰን መልእክት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ተነሡና ሂዱ ብዬ ይህን አልጻፍሁም። ሲከፈት ግን መጋረጃውን እንዳትዘጉት።

ልጄ አሁን ሃያ ዓመት አልፏታል። ደብተሩ ከእሷ ጋር ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ከጎኑ ክፍት እንደሆነ አለ። መስመሩ በያዘ ቁጥር ለአክስቴ ትደውልላቸዋለች፤ ጤናቸውን ከጠየቀች በኋላ ሁልጊዜ የምትጨምረው አንድ ጥያቄ አላት።

«እማማ፣ ጭላዶቹስ አሉ?»

«አሉ እንጂ!» ይላሉ አክስቴ። «የጨጨሆ ዘመዶቻችንን ገብስ ነቅለው ጨረሱት እኮ!»